ግሩፑ ይለቀቅ ወይስ ይዘጋ? ከኮንዶሚኒየም አድሚንነቴ

የኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ደሞዝ የለውም፣ ምስጋናም የለውም። እራት ቀርቦ ስልኬ ይጮኻል። አንዱ «እንዲህ ሲሳደብ እያየሽ ለምን ዝም ትያለሽ?» ይለኛል። ተሳዳቢው ደግሞ በሌላ መስመር «የኔን ብቻ ለምን ታጠፊያለሽ?» ይለኛል።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ የልጆቿ ትምህርት ቤት የወላጆች ግሩፕ አድሚን ሆነች። «ዝም ብዬ ልልቀቀው ወይስ ልቆጣጠረው?» ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ አንድ ሰዓት አወራን፣ ግን አልወጣልኝም። ሁለቱንም ሞክሬያለሁና። ልቅ አድርገነው ነበር፣ ከርችመን ዘግተነውም ነበር። በሁለቱም ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

የሰፈሩን ስም አልጠራም፣ ጎረቤቶቼ ያነባሉ። ከከተማው ዳር ካሉት የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ነው ብል ይበቃል።

ግሩፑ የተከፈተው በ2011 ነው፣ በውሃ ምክንያት። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ፈረቃው ደግሞ ወረቀት ላይ ያለው ሌላ፣ ቧንቧው ላይ ያለው ሌላ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት መጥቶ 11 ሰዓት ላይ ሲሄድ ያልነቃ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ሊፍት የለማ። አንድ ወጣት ጎረቤታችን ግሩፕ ከፈተና «ውሃ ሲመጣ ያየ ይጻፍ» አለ። ደንቡ ይኸው ነበር፣ በቃ። 40 ሰው ነበርን፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ቆንጆ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ሰው ገባ። ተከራዩ ገባ፣ የተከራዩ ወንድም ገባ። ቤቱን ሸጦ የሄደው አልወጣም። ከ600 በላይ ሆንን። ጠዋት ጠዋት አበባ ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ይዘንባል። «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ካልላካችሁ» የሚል ይመጣል። ቅቤ ይሸጣል፣ በርበሬ ይሸጣል። ማን እንደሆነ የማናውቀው ሰው «ቤትዎ ተቀምጠው በቀን 3,000 ብር ያግኙ» ይላል። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ውሃ መጥቶ ነበር። የጻፈም ሰው ነበር። ግን ጽሑፉ ከሰባና ሰማንያ «እንኳን አደረሳችሁ» በታች ተቀብሮ ማንም አላየውም። በዓሉን በጀሪካን አሳለፍነው።

ይህ እንኳን ቀላሉ ነው። 2013 መጣ። ጦርነቱ ሰሜን ላይ ነበር፣ ግን እኛ ደረጃ ላይም ወጣ። የጎረቤቱን ስም እያየ «እናንተ» የሚል ሰው በዛ። «አንተ» ቢል እኮ ጠብ ነው፣ ይታረቃል። «እናንተ» ግን ሌላ ነው። አንድ ደረጃ ላይ ቡና የሚጠራሩ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ። የያኔው አድሚን «ሰው የመሰለውን ይናገር፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም» ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው የስፖኪዮው ነገር ነው።

ሰኔ 2014 ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ የ4 መኪና ስፖኪዮ ተነቀለ። ሰው ተናዷል፤ የስፖኪዮ ዋጋ ይታወቃል። አንድ ማታ 2 ሰዓት ገደማ አንድ ጎረቤት ፎቶ ለጠፈ። ፌስታል የያዘ ጎረምሳ በመኪና ማቆሚያው በኩል ሲያልፍ ያሳያል። ከሥሩ «ሌባው ይሄ ነው፣ ያያችሁት እንዳትለቁት» ይላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 50 መልስ መጣ። «ይዛችሁ ስጡን» የሚል አለ። «ፖሊስ ጋ ከሄደ ነገ ይፈታል» የሚል አለ። «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ተሰድቦ ዝም አለ።

እኔ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ግን ፎቶው ላይ አውራ ጣት ሰጥቻለሁ።

ልጁ እኔ ካለሁበት ደረጃ የአንዲት ጎረቤቴ የእህት ልጅ ነበር። ከገጠር ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የነበረው አክስቱ የላከችው ሽንኩርት ነው። የሰፈር ወጣቶች በሩ ላይ ይዘው በጥፊ መቱት፣ ከንፈሩ ተተረተረ። ያስጣሉት ጥበቃው ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። በማግስቱ ልጁ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ፎቶውን የለጠፈው ሰው አጠፋውና «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብሎ ጻፈ። ግን ፎቶው እስከዚያ ድረስ ወደ ሌሎች ሁለት የሰፈር ግሩፖች ፎርዋርድ ተደርጓል። እዚያ ይቅርታው አልደረሰም።

አክስቱ ያኑ ቀን ከግሩፑ ወጣች። ደረጃ ላይ ሳገኛት አይዞሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ። «አንቺም አይተሽው ነበር አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የድሮው አድሚን «ሰለቸኝ» ብሎ ለሦስት ሰዎች አስረከበ። አንደኛው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ቴክኖሎጂ የሚያውቅ ወጣት ነው። ሦስተኛዋ እኔ። ማንም አልመረጠንም። እኔ የተጠራሁት ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩና የነዋሪ ኮሚቴውን የገንዘብ ሪፖርት በትርፍ ጊዜዬ እጽፍ ስለነበር ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

እኛም የደነገጠ ሰው የሚያደርገውን አደረግን። ዘጋነው። የመጻፍ ፈቃዱን ከሁሉም ላይ አነሳን። የሚጽፍ ሰው በኢንቦክስ ይልክልናል፣ እኛ አይተን እንለጥፋለን። ሁለት ሳምንት ግሩፑ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ አለ። ጋሼ «አያችሁ?» አሉ። በጣም ነው የተደሰትነው።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ከብሎኮቹ በአንዱ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚወጣው ቧንቧ ፈነዳ። አንዲት ጎረቤት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጻፈችልኝ። እኔ ቢሮ የወር መዝጊያ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያየሁት ለምሳ ስወጣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ውሃው እስከዚያ የሁለት ቤት ፍራሽና ምንጣፍ አበስብሷል። ግሩፑ ክፍት ቢሆን ኖሮ እቤት የዋለ ሰው በአምስት ደቂቃ ወጥቶ ይዘጋው ነበር። ግሩፑ የተፈጠረው ለዚህ አልነበረም እንዴ?

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሆን ብዬ ያደረግኩት ነው። አንድ ነዋሪ ለጥበቃ የምናዋጣው የ3 ወር ሒሳብ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ጽሑፍ ላከልኝ። ጨዋ ጽሑፍ ነው፣ ስድብ የለውም። አልለጠፍኩትም። ለራሴ «ሐሜት ነው፣ ሰው ያተራምሳል፣ ሪፖርቱ ሲደርስ ያዩታል» ብዬ ነበር። ሪፖርቱ ደግሞ የዘገየው በማን ነው? በእኔ። ሰውየው የኢንቦክስ ንግግራችንን ስክሪንሾት አደረገና ሌላ ግሩፕ ከፈተ። በሦስት ቀን ውስጥ 200 ሰው ገባለት። እዚያ ማንም ማንንም አይከለክልም። የዚያ የምስኪን ልጅ ፎቶ እንኳ እንደገና ብቅ አለ። እኛ ነገሩን አላጠፋነውም፣ ቤት ነው ያስቀየርነው።

ደንግጠን መልሰን ከፈትነው። ግን አሁን ደግሞ እያየን የማንወደውን ማጥፋት ጀመርን። እዚህ ላይ አድሚን ያልሆነ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ አድሚን ያጠፋው መልእክት ምንም ዱካ አይተውም፤ እንዳልነበረ ይሆናል። ዋትሳፕ ላይ ቢያንስ አድሚን ማጥፋቱ ይታያል። ቴሌግራም ማን ምን እንዳጠፋ የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው፣ ግን የሚያዩት አድሚኖች ብቻ ናቸው፣ እሱም 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ውጤቱ ምን ሆነ? አንድ ሰው የራሱን መልእክት ራሱ ቢያጠፋም «አድሚኖቹ አጠፉት» ይባላል። ለኮሚቴው ትሸፍናላችሁ ተባልን። እኔ አንድ ጊዜ ሸፍኛለሁና መማል አልቻልኩም።

የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም ራሱ ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ጋር ተዘጋ። የቤተ ክርስቲያኑ ውጥረት የነበረበት ሰሞን ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አይሠራም ነበር። ቪፒኤን ማስገባት የማይችለው ብዙ ነው፤ የፈረቃውን ወሬ በወረቀት ጽፈን በሩ ላይ መለጠፍ ጀመርን። ሰው እስክሪብቶ እየያዘ ከሥሩ ይጽፍበታል። በእነዚያ 5 ወራት ወረቀቱ ላይ «ሌባ» ተብሎ የማንም ስም አልተጻፈም። «እናንተ» የሚልም አላየሁም። የሚጽፈውን ሰው ጥበቃው ቆመው ያዩታል፣ ከኋላው ዳቦ የያዘ ጎረቤት ተራ ይጠብቃል። ያው ሰው ነው፣ ያው ሰፈር ነው። እኔ ከዚያ ወረቀት የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ቴሌግራም ሲመለስ ሦስታችን ተስማማንና ሰውን በአካል ጠራን። ነሐሴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ፍልሰታ ነው። ኮሙናሉ ውስጥ ቡናና ቆሎ ይዘን ተቀመጥን። ከ600 ሰው የመጣው 32 ነው። ግማሹ ሊሰድበን ነው የመጣው።

አንዱ «ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ፣ እኛ ልጆች አይደለንም» አለ። አንዲት እናት «ተለቆ ምን እንደሆነ ረሳችሁት?» አለችው። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንጨቃጨቅ አንድ የሰፈሩ እድር ሽማግሌ ተነሡ። «እድራችን ዳኛ አለው» አሉ። «ያለ ዳኛ እድር አይቆምም። ዳኛው ግን ቀብር ከቀረ እንደ ማንም ይቀጣል፣ ደንቡም በዓመት አንድ ጊዜ ይነበብልናል። የእናንተን ደንብ ማን አነበበው? እናንተስ ስታጠፉ ማን ይቀጣችኋል?» መልስ አልነበረኝም። ስለ አድሚንነት ብዙ ምክር አንብቤያለሁ፣ እንደዚህ ጥያቄ ግን ቦታው ላይ የገባ የለም። እስከዚያ ድረስ የምንከራከረው ልቅ ይሁን ወይስ ጥብቅ በሚለው ነበር። ጉዳዩ ግን የሚቆጣጠረውን ማን ያየዋል ነው።

ደንቡን እዚያው ጻፍን፣ በአንድ የደብተር ገጽ። የመጀመሪያው የልጁ ደንብ ነው፦ የማንም ሰው ፎቶም ሆነ ስም ከክስ ጋር አይለጠፍም፣ እርግጠኛ ቢሆኑም። የተሰረቀ ሰው «ከዚህ ቁጥር ብሎክ ዕቃ ጠፍቷል፣ ተጠንቀቁ» ይላል፣ ፎቶውን ለጥበቃና ለፖሊስ ይሰጣል። ይህን ያፈረሰ መልእክት ሳንመካከር ወዲያው ይጠፋል። ሰከንድ ነው የሚቆጠረው፣ አንዴ ፎርዋርድ ከተደረገ አይመለስም።

ሁለተኛው የኔ ደንብ ነው፦ የገንዘብ ጥያቄ በጭራሽ አይጠፋም። ጥያቄው የሚነካው አድሚን ደግሞ እጁን አያስገባም፣ ሌሎቹ ሁለቱ ያዩታል። ይህ ሲጸድቅ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሰውየውም እዚያ ነበር፣ አይቶኝ ሳቀ።

ብሔርንና ሃይማኖትን የሚነካው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፣ ወጣቱ አድሚን ስልኩ ላይ አውጥቶ አነበበልን። ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ሆን ብሎ መቀስቀስ ወንጀል ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ እውነት ደነገጠ፤ ግሩፕ ውስጥ የጻፈው ሕግ የሚደርስበት አይመስለውም ነበር።

ከደንቦቹ ሁሉ ያረፍኩበት ግን ይህ ነው። ስናጠፋ እንናገራለን። «ከደቂቃ በፊት አንድ መልእክት አጥፍተናል፣ በደንብ 1» ብለን እዚያው ግሩፑ ላይ እንጽፋለን። የሰውየውን ስም አንጠራም፣ ያለውን አንደግምም። አንድ መስመር ናት። ይህችን መስመር ከጀመርን ወዲህ «ትሸፍናላችሁ» የሚለው ክስ ከሞላ ጎደል ቆመ። አዋራጅ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልሆነም።

ቅጣቱ ከስልክ ጥሪ ይጀምራል። ቀጥሎ ለአንድ ቀን መጻፍ መከልከል፣ ከዚያ ለሳምንት። ከግሩፕ ማስወጣት ሦስታችንም ከተስማማን ብቻ ነው። እስካሁን ያስወጣነው ሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ነዋሪም አልነበረም። አዲስ የሚገባ ሰው የብሎክና የቤት ቁጥሩን ተጠይቆ ነው የሚገባው። ያ የ3,000 ብሩ ሰውዬ የቤት ቁጥር የለውም፣ በዚሁ ተሰናበተን። ጠብ ሲሞቅ ደግሞ አናጠፋም፣ እናዘገየዋለን። ቴሌግራም አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ወይም በአንድ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይችላል። አንድ ሰዓት የጠበቀ ሰው የሚጽፈው ስድብ አብዛኛውን ጊዜ ስድብነቱን ትቶ ክርክር ይሆናል። ወይም እንቅልፍ ይወስደዋል። ውሃና ድንገተኛ ነገር ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ለብቻው ርዕስ ተከፍቶለታል።

ሳይሳሳቱ አይሆንም መቼም። ምድር ቤት ያሉ አንዲት እትዬ አሉ፣ በየማለዳው ሰባትና ስምንት አበባ የሚልኩ። ወጣቱ አድሚን ሳይደውልላቸው ለሳምንት ዘጋባቸው። እሳቸው ስልኬ ተበላሸ ብለው ሠሪ ጋ ወሰዱት፣ ሠሪው ደግሞ 200 ብር ተቀብሎ «ሶፍትዌር ነው» አላቸው! ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አፈርኩ። ቡና ይዤ ሄጄ ነገርኳቸው። «ታዲያ መጥታችሁ አትነግሩኝም ልጄ? አንድ ደረጃ እኮ ነው» አሉኝ። ለሰላምታ የሚሆን ርዕስ ለብቻው ከፈትንላቸው። አሁን የአበባው ሁሉ ንግሥት እሳቸው ናቸው፣ ማንም ቅር አይለውም። ደንባችን ላይ «ከመዝጋት በፊት ይደወላል» የሚለው የተጨመረው ያን ቀን ነው።

ጓደኛዬ «ይሄ ሁሉ ለ30 ወላጅ?» አለችኝ። አይ፣ ለ30 ሰው ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ሰው ከተዋወቀ ይተፋፈራል፣ እኛም በ40 ሰው ጊዜ ደንብ አላማረንም። እኔ ምልክቱ አንድ ነው አልኳት። መልእክት ሲመጣ የሰውየው ፊት ካልመጣልሽ፣ ያኔ ደንብ ጻፊ። ደንቡን ብቻሽን አትጻፊው፣ አድሚንነቱንም ብቻሽን አትያዢው። የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ደውለው «አጥፊልን» ማለታቸው አይቀርም። መልስሽን ካሁኑ አዘጋጂ።

እኛ ጋም ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ያ ሁለተኛው ግሩፕ አሁንም አለ፣ 90 የሚሆን ሰው ቀርቶበታል። ለሳምንት የዘጋሁበት አንድ ጎረቤት እስካሁን ሰላም አይለኝም፣ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግድግዳውን ያያል። በቀን ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል፣ በበዓል ሰሞን ከዚያም በላይ። አድሚንነቱ በስድስት ወር ነው የሚቀየረው። እኔ አንድ ዙር ወጥቼ አርፌ፣ አሁን ሁለተኛ ዙሬ ላይ ነኝ። የሚተካኝ ሰው ጠፋ እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ደንቡ በጸደቀ ሰሞን የልጁ አክስት ቤት ሄጄ ነበር። የደብተሩን ገጽ ይዤ፣ የመጀመሪያውን ደንብ አሳየኋት። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ መለሰችልኝ። ምንም አላለችም። ከወር በኋላ የመግቢያ ጥያቄ ላከች፣ የቤት ቁጥሯን እንደ ማንኛውም ሰው ጽፋ። አስገባኋት። ከዓመት በላይ አንድም ነገር ሳትጽፍ ቆየች። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኬ በራ። እሷ ናት።

«እኛ ደረጃ ውሃ መጥቷል?»

ተነሥቼ ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ። «መጥቷል እህቴ፣ ቶሎ ቅጂ» ብዬ መለስኩላት።